የጨርቅ ዳይፐር በአነስተኛ ወጪ፦ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የዳይፐር ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ ስለ ጨርቅ የሚጠይቀን ሰው በዝቷል። እኛ ያደግነው በጨርቅ ነው፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። የዛሬ እናት ግን ኑሮዋ ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነች፣ ውሃዋ በፈረቃ ነው፣ ከወለደች በ3 ወሯ ሥራ ትገባለች። መልሶቹን የጻፍነው ይህንን እያሰብን ነው። በአንቺ ያልነው ለአጻጻፍ እንዲቀል ነው እንጂ አባቶችም ጨርቅ ማጠብ አያቅታቸውም።

እውነት ወጪ ይቀንሳል?

ይቀንሳል፤ ግን ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። አዲስ የተወለደ ህፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። እንበልና አንዱ ዳይፐር 20 ብር ይደርስብሻል። በቀን 6 ማለት በወር 180 ነው፤ 3,600 ብር ወጣ። 20 ብሩን አንሺና በሰፈርሽ ሱቅ ያለውን ዋጋ አስገቢበት። ከዚያ ደግሞ ለሳሙና፣ ለውሃ፣ ለመብራት፣ ካለችም ለልብስ አጣቢ የሚወጣውን ደምሪና ከዚያ ላይ ቀንሺ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ በኋላ "ምኑ ተረፈ?" ይላል።

ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ ጨርቅ ወይ ምንም ያለ ማነው? ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ይሄ ነው። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር አድርጊ። ከ6 ወደ 2 ወረድሽ ማለት 3,600 ብሩ 1,200 ሆነ ማለት ነው። የእኛ ምክር ይሄው ነው፤ በዚህ ጀምሪና ከተመቸሽ ትጨምሪያለሽ።

ስንት ጨርቅ ላዘጋጅ?

በየቀኑ የምታጥቢ ከሆነ ከ15 እስከ 18 ይበቃል። በሁለት ቀን አንዴ ከሆነ 24፤ ክረምት ላይ ከወለድሽ ደግሞ 30 ይሁንልሽ። ከላይ የሚደረግ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን 3 ወይም 4 ካለሽ ብዙ ነው፤ ካካ ካልነካው በየቅያሬው አይታጠብም። ጠረግ አድርገሽ ታናፍሺዋለሽ፣ በተራ ታለብሺዋለሽ።

የትኛው ጨርቅ ይሻላል? ከየት ላምጣው?

ጥጥ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ቤት ውስጥ ያረጀ ጋቢ ካለ መርካቶ ከመውረድሽ በፊት እሱን አውጪ። የሽመና ጥጥ ልል ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ስንት ዓመት ሲታጠብ ስለኖረም ለስልሷል። ችግሩ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ እንዳለ ከተጠቀምሽው ሁለት ቀን ቢሰጣም መሃሉ እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ ድርቡን ፍቺውና ሁለት ሁለት አድርጊው። ያረጀ ነጠላ ድሮውንም ሁለት ድርብ ስለሆነ እንዳለ ይሆናል። ጥለቱን ግን ቁረጪው፤ ሻካራ ነው፣ ቀለምም ሊለቅ ይችላል።

ያ ከሌለ ሰልባጅ አለ። የጥጥ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ትልልቅ ካናቴራ። ካናቴራ ጠርዙ አይተረተርም፤ በመቀስ ቆርጠሽ ያለ ስፌት መጠቀም ትችያለሽ። አዲስ በሜትር የምትገዢ ከሆነ ለህፃን ፒጃማ የሚሆነው ፀጉር ያለው ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጥሩ ነው። አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እንደ ሽመና ቶሎ አይመጥም።

ሻጩ "ንጹህ ጥጥ ነው" ቢልሽ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዢና ክብሪት ለኩሺበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ የሚቀረው አመድ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ሱቅ ውስጥ እሳት መለኮስ ካሳፈረሽ ጣትሽን አርጥቢና አንድ ጠብታ ጣይበት። ቶሎ ከመጠጠው ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ከተንከባለለ ግን ወይ ፖሊስተር ነው፣ ወይም አዲስ በመሆኑ ማጠንከሪያው ገና አለቀቀውም። ለዚህም ነው አዲስ ጥጥ ህፃኑ ከመልበሱ በፊት ሦስት አራት ጊዜ በሙቅ ውሃ መታጠብ ያለበት። ገና ስታለብሺው ቢያንጠባጥብ "ይሄ ጨርቅ አይረባም" ብለሽ አትጣይው።

ልኩ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ወርዱ 1.50 የሆነ ጨርቅ ካገኘሽ በየ75 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ሁለት ይወጣዋል። ለ24 ጨርቅ 9 ሜትር ይበቃል። ሲታጠብ ትንሽ ስለሚሰበሰብ 75 መሆኑ አይጎዳም። ጠርዙን የሰፈር ልብስ ሰፊ ይዘመዝምልሻል።

ከላይ ፌስታል ባስርበትስ?

አታድርጊው። እናቶቻችን አድርገውት ይሆናል፤ ግን ፌስታል ሙቀትና እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ቆዳው ቶሎ ይላጣል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከወገቡ ተፈትቶ ፊቱ ላይ ከወጣ ትንፋሽ ይዘጋል። ለተኛ ህፃን በፍጹም አይሆንም። ገንዘብ አውጪ ከተባልሽ የምታወጪው እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቁ ከአሮጌ ልብስ ይሁን፣ ሽፋኑ ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ለጊዜው ያላገኘሽ ከሆነ ቤት ውስጥ ያለ ሽፋን ጨርቁን ብቻ አልብሺውና እንደራሰ ቶሎ ቀይሪው። አዝለሽው ከሆነ ጀርባሽ ይርሳል፤ ያው ታውቂዋለሽ።

ገበያ ላይ ያለው ባለኪሱ ዳይፐር ይሻላል?

ምቹ ነው። ውጪው ውሃ አያሳልፍም፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ በኪሱ መጣጭ ጨርቅ ይገባል፣ ቁልፎቹ ደግሞ ልጁ ሲያድግ ይሰፋሉ። ለአያት ወይም ለሞግዚት ማስረዳት አያስፈልግም። ግን አንዱ ዋጋው ከብዙ ሜትር ጥጥ ጋር ስለሚወዳደር 20 አትግዢ። ሁለት ገዝተሽ ልጅሽ ላይ ሞክሪ። የቀጭንና የወፍራም ልጅ ጭን አንድ አይደለም፤ አንዱ ላይ ልክ የሆነው ሌላው ላይ ያፈሳል።

አብሮት የሚመጣው መጣጭ ብዙውን ጊዜ ማይክሮፋይበር የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ቶሎ ይጠጣል፣ ሲጫን ግን ይተፋል፤ ልጁ ሲቀመጥ በእግሩ በኩል የሚወጣው ለዚህ ነው። እሱን ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጊ፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። በቦታው ያንኑ የነጠላ ጨርቅ አጥፈሽ ብታስገቢበት ይሠራል።

አስተጣጠፉን አላውቅም፤ ቀላሉ የቱ ነው?

ጨርቁን በሰያፍ እጠፊው፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ረጅሙ ጠርዝ ወደ ላይ፣ ሹሉ ወደ ታች። ህፃኑን ስታስተኚው ረጅሙ ጠርዝ ወገቡ ጋ ይሁን። ሌላ ጨርቅ በቁመቱ አጥፈሽ መሃል ላይ አንጥፊ፤ ዋናው የሚመጥጠው እሱ ነው። ሹሉን በእግሮቹ መሃል ወደ ሆዱ አምጪው። ከዚያ የግራና የቀኙን ጫፍ ሆዱ ላይ አገናኝተሽ በመርፌ ቁልፍ ያዢው። መርፌውን ስታስገቢ የሌላው እጅሽ ጣቶች በጨርቁና በሆዱ መሃል ይግቡ፤ ቢስት ያንቺን ጣት ይውጋ። መርፌው አልገባ ካለ ሳሙና ላይ ሰካ አድርጊው፣ ይቀልሻል።

ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ከፈት ብለው መታጠፍ መቻል አለባቸው፤ ለዳሌው ጥሩ ነው። እግሩን አቀናጅቶ ጥፍር አድርጎ ማሰር ግን ይቅር። ለወንድ ልጅ ተጨማሪው እጥፍ ወደ ፊት፣ ለሴት ልጅ ወደ መሃል ይሁን።

ከአራስ ቤት ጀምሬ ጨርቅ ማድረግ እችላለሁ?

ትችያለሽ፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚወጣው ጥቁር ካካ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ለእነዚያ ቀናት የሚጣል ቁራጭ ጨርቅ ወይም አንድ እሽግ ዳይፐር ያዢ። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ የጨርቁን የፊት ጠርዝ ከእትብቱ በታች እጠፊው፤ ሽንት እንዳይነካው፣ አየርም እንዲያገኝ።

ጨርቅ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ስንት ጊዜ እንደሸና በግልጽ ታያለሽ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ ከራሰ ጡቱን በደንብ እያገኘ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ወይም ሽንቱ ጠቆር ካለ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ካካውን ምን ላድርገው?

ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ግን መጀመሪያ ሽንት ቤት መራገፍ አለበት። ቀጭን የጥጥ ቁራጭ ከላይ ብታነጥፊ ካካው እሱ ላይ ይቀራል፣ ዋናው ጨርቅ ይተርፋል።

"የህፃን ካካ ምን ይሠራል" ይባላል። ይሠራል እንጂ፤ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ተህዋሲያን ከትልቅ ሰው እንደሚተላለፉት ከህፃንም ይተላለፋሉ። ያለቀለቅሽበትን ውሃ ግቢ ውስጥ አትድፊው፣ ሽንት ቤት ይግባ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

እሺ፣ እንዴት ነው የማጥበው?

ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ባልዲ ይኑርሽ። የራሰውን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ ጨምቀሽ እሱ ውስጥ ጣይ። ሙቅ ውሃ መጀመሪያ ከነካው የካካው እድፍ ይጸናበታል። ባልዲውን በውሃ መሙላት አያስፈልግም፤ ሌላው ቢቀር ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ውሃ የያዘ ባልዲ አደገኛ ነው። ጥቂት ውሃ ውስጥ ልጅ በደቂቃ ይሰጥማል። ባዶም ቢሆን ክዳኑ ይዘጋ።

ከሁለት ቀን በላይ አታቆዪው። ሲቆይ ሽታው ይጸናል፣ ጥጡም ይበሰብሳል።

የማጠቢያው ቀን ሲደርስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ አለቅልቂና ሽንቱን አስወጪ። ቀጥሎ እጅሽ በሚችለው ሙቅ ውሃ በኦሞ ወይም በሳሙና እሺው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለሽ 60 ዲግሪ ላይ አድርጊው። ከዚያ አረፋ እስከሚጠፋ አለቅልቂ። ሳሙና በዛ ማለት ጠራ ማለት አይደለም፤ ጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል፣ መምጠጡንም ይቀንሳል። ማለስለሻ በጭራሽ አትጨምሪ። ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ክሩን ይሸፍነውና ጨርቁ ውሃ መጠጣት ይተዋል።

ከዛ ፀሐይ። የአዲስ አበባ የጥቅምት ፀሐይ ሳሙና ያቃተውን ቢጫ እድፍ ይወስደዋል፤ እርጥብ እንዳለ ስጪው። ላስቲክ ያለውን ሽፋን ግን ጥላ ላይ አድርጊው፣ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። አይሆንልኝም ማለት ነው?

ይሆናል፤ ግን በቀኑ ሙሉ ሳይሆን በከፊል ጨርቅ ይሻልሻል። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ማጠቢያ ቀን አድርጊው፤ ከመምጫው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ጨርቅ፣ በቀሩት ዳይፐር። ሦስት ሳፋ ደርድሪ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹህ ማለት ይቻላል፤ እሱን በጀሪካን አስቀምጪና ለሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ማለቅለቂያ አድርጊው። ውሃ በቦቴ ወይም በጀሪካን የምትገዢ ከሆነ ግን ሒሳቡን እንደገና ሥሪ። ጨርቅ ላያዋጣሽ ይችላል፤ በዚያ ራስሽን አትውቀሺ።

በረኪና ልጨምርበት?

በየጊዜው አያስፈልግም፤ ጥጡን ይበላዋል። ተቅማጥ ወይም ፈንገስ ከነበረ አንዴ ልትጠቀሚ ትችያለሽ፤ እሱም ሽንቱ በደንብ ከለቀቀ በኋላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጣም ቀጥኖ። በሽንት የራሰ ጨርቅ ላይ በረኪና መድፋት ጉሮሮና ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። ያለ በረኪና ተህዋሲያኑን መግደል ከፈለግሽ ጥጡን አፍልተሽ ቀቅዪው፤ ሽፋኑን ግን አትቀቅዪ።

ክረምት ላይ አይደርቅልኝም!

የክረምቱ ነገር እውነትም ያስመርራል። የሚያዋጣው ቀጭን ሆኖ የሚዘረጋ ጨርቅ ነው፤ አንድ ድርብ ሆኖ ይሰጣል፣ ሲለበስ ብቻ ይታጠፋል። ተሰፍቶ የወፈረው መጣጭ ሁለት ቀን ሲፈጅ እሱ በረንዳ ላይ በንፋስ ብቻ ይደርቃል። በደንብ ጨምቂ፤ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ብትረግጪው ብዙ ውሃ ይወጣል። መብራት ካለ ካውያ ጨርሶ ያደርቀዋል፣ ያመክነዋልም።

ጨርቅ ለማድረቅ ብለሽ ህፃን ባለበት ክፍል ከሰል አታቀጣጥዪ። በር መስኮት ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ጨርቁ አልደርቅ ካለ አልደረቀም፤ ያን ቀን ዳይፐር አድርጊ።

ታጥቦም ሽታው አለቀቀም። ለምን?

ከታጠበ በኋላ ደርቆ እያለ ከሸተተ ሽንቱ አልወጣም፤ መጀመሪያ ያለ ሳሙና ማለቅለቁን አብዢ። ደርቆ ደህና ሆኖ ልክ ልጁ ሲሸናበት ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካመጣ ደግሞ ሳሙናና ሽንት ክሩ ውስጥ ተከማችተዋል። ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ አረፋ ሲወጣ ታዪዋለሽ። አረፋው እስኪያልቅ ቀጥዪ። ዋናው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ባልዲ ውስጥ መቆየቱ ነው።

ሽፍታ ቢወጣበት?

እርጥብ ጨርቅ ላይ መቆየት ነው ትልቁ ምክንያት። ጨርቅ እንደ ዳይፐር እርጥበቱን አይደብቅም፤ በየሁለት ሰዓቱ እዪው፣ ካካ ካለ ወዲያው ቀይሪ። በለብታ ውሃ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ሳታለብሺ ተዪው። ፓውደር አትነስንሺ፤ ህፃኑ ወደ ሳንባው ይስበዋል። ቫዝሊንም ሆነ ቅቤ ጨርቁ ላይ ከተጣበቀ ውሃ አያስገባም፤ መቀባት ካለብሽ ቀጭን የአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ መሃል ላይ አድርጊ።

መቅላቱ በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ በቆዳ እጥፋቶቹ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይታይ። ፈንገስ ከሆነ በመድኃኒት እንጂ በጽዳት ብቻ አይጠፋም።

ሌሊትና መንገድ ላይስ?

ሌሊት ዳይፐር አድርጊ ብለናል፤ እንቅልፍሽም ዋጋ አለው። መንገድ ከሄድሽ ደረቅ ጨርቅ በአንድ ከረጢት፣ እርጥቡ ዚፕ ባለው ሌላ ከረጢት ይሁን።

ቤት ውስጥ የምታግዘኝ ልጅ "ይሄን አላጥብም" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስትቀጠር ያልተነገራት ሥራ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ወይ ክፍያዋ ላይ ጨምሪ፣ ወይ ካካ ያለበትን ራስሽና ባለቤትሽ አለቅልቁና እሷ የጠራውን ትጠብ። ጓንት ግዢላት። የጨርቅ ዳይፐር "ርካሽ" የሚመስለው ብዙ ጊዜ የአንዲት ሴት ጉልበት ሳይቆጠር ሲቀር ነው።

የምንኖረው ውጭ አገር ነው። ለእኛስ?

አሜሪካ ያላችሁ፣ የመንግሥት የምግብ ድጎማዎቹ ስናፕም (SNAP) ሆነ ዊክ (WIC) ዳይፐር አይገዙም፤ በብዙ ከተሞች ግን ዳይፐር በነጻ የሚያድሉ ድርጅቶች አሉ፣ ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ለጨርቅ ዳይፐር መግዣ ቫውቸር ይሰጣሉ። ማሽን ካላችሁ መጀመሪያ በቀዝቃዛ አለቅልቁ፣ ከዚያ 60 ዲግሪ። ማድረቂያ ማሽኑን ተዉት፤ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 ባወጣው ጥናት ጨርቅ ለአካባቢ የሚሻለው ማሽኑ ሞልቶ ሲታጠብ፣ ገመድ ላይ ሲደርቅና ለሁለተኛ ልጅ ሲተላለፍ ነው። ልጃችሁን ማቆያ ከማስገባታችሁ በፊት ጨርቅ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ።

መቼ ነው የምገላገለው?

አብዛኛው ልጅ ከአንድ ዓመት ተኩልና ከሦስት ዓመት መሃል ፖፖ ይለምዳል። እንደ እናቶቻችን ከእንቅልፍ ሲነሳና ጡት ከጠባ በኋላ እግርሽ ላይ አስቀምጠሽ "ሽሽሽ" ብትዪው በቀን አንድ ሁለት ጨርቅ ይተርፋል። ካልሸና አታስገድጂው። ደህናው ጨርቅ ታጥቦ ለቀጣዩ ልጅ ይቀመጣል። ሽፋኑ ላስቲኩ ከላላ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው፣ ይቀይርልሻል።